አሮጌው ቤዝ ጊታርና የልብስ ሰፊው መኪና

ከልምምድ በኋላ ከመዘምራኑ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ቀለሙ የተላላጠ፣ ጠርዙ ከክንድ ብዛት የተፋቀ ቤዝ ጊታር ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፌንደር ፕሪሲዥን ነው፤ በፈረንጆች የ1962!» አለኝ። ዋጋውን ስጠይቀው ሳቀ። እሱን እንደማይደርስበት፣ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተሠራ አንድ አሮጌ ፌንደር አዲስ አበባ ውስጥ እንደሚሸጥ ሰምቶ ብር ማጠራቀም ከጀመረ ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ። ከጀርባው ግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ቤዝ ተሰቅሏል። ወፍራሙ ክር ዝጎ ከወጣ ወራት አልፎታል፤ ማንም አልተካውም።

ይህን የምጽፈው ወንድማችንን ለመገሠጽ አይደለም። የወደደው ነገር የሚወደድ ነው። ነገር ግን መዝሙርን እንደምንመዝን ፍቅራችንንም መመዘን እንችላለን። የምንወደው ምኑን ነው? እንጨቱን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ወይስ ድምፁን?

እስቲ ከመሣሪያው እንጀምር። ቀድሞ የነበረው ቤዝ ቆመው የሚጫወቱት፣ ከሰው ቁመት የሚተካከል ትልቅ ኮንትራባስ ነበር። ለመሸከም ያስቸግራል፤ ድራምና ጥሩምባ ሲነሣ ደግሞ ድምፁ ይዋጣል። በካሊፎርኒያ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን አወጣ። አንገቱ ላይ ፍሬት ስላለው ጣት ኖታውን ሳይስት ያርፋል፤ ስሙም «ልክ» ከሚለው ቃል የመጣው ለዚህ ነው። የብረት ክሩ ከማግኔትና ከመዳብ ሽቦ ጥቅል በላይ ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን አጉልቶ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ጃዝ ቤዝ ተከተለ። በ1965 ድርጅቱ ለሲቢኤስ ተሸጠ። ብዙ ሰብሳቢዎች ከሽያጩ በኋላ ጥራቱ ወርዷል ብለው ስለሚያምኑ ከዚያ በፊት የተሠሩትን በውድ ዋጋ ይፈልጓቸዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፌንደር አንገቱን ከአካሉ ጋር በሙጫ አላጣበቀውም፤ በብሎን አሰረው። ቢበላሽ ተፈትቶ በሌላ መተካት ይችላል። ሰብሳቢው ግን «ብሎኑ ሳይቀር የመጀመሪያው ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሠሪው እንዲጠገን አድርጎ የሠራውን ወዳጁ እንዳይነካ አደረገው። የዚህ ፍቅር የመጀመሪያ ስሕተት ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ከባለ ዝናዎቹ ጋር ይያያዛል። ወንድማችን 1962ን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሞታውን ኩባንያ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን የታወቀበት መሣሪያ የዚያ ዓመት ፕሪሲዥን ነው። ጀመርሰን ክሩን የሚመታው በጠቋሚ ጣቱ ብቻ ነበር። ክሩን ካልተበጠሰ በቀር አይቀይርም ነበር ይባላል። በዲትሮይት ስቱዲዮ ብዙ ዝነኛ ዘፈኖችን ከሥር ተሸክሟል፤ በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ ግን ለዓመታት የተጫዋቾቹ ስም አልተጻፈም። የሞታውን ተጫዋቾች ስማቸው የወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1971፣ በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ላይ ነው። ያ ቤዝ ለጀመርሰን ቅርስ አልነበረም፤ የዘመኑ ተራ የፋብሪካ ዕቃ ነበር። በ1983 ተሰረቀበት፤ በዚያው ዓመት እሱም ከመጠጥ ጋር ሲታገል ኖሮ በ47 ዓመቱ ሞተ። ያ ድምፅ የጣቱና የጆሮው ነበር። ሌላ 1962 የሚገዛ ሰው ጣቱን አብሮ አይገዛም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ይጫወት የነበረ ዓለማዊ ባንድ ነው። አንዳንድ አንባቢ «በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» ይል ይሆናል። ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ የናስ ሥራ ኪራምን ከጢሮስ ያስመጣው ሙያውን አይቶ ነው፤ እኛም ሙያን ለመማር እናዳምጥ። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቸ በለው» አልበማቸው ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባል ቃል የሌለው ሥራ አለ። ኦርጋኑና ጥሩምባዎቹ ዜማውን ይዘው ከላይ ይሄዳሉ፤ ሰው የሚያንጎራጉረውም እሱን ነው። እናንተ ግን አንድ ጊዜ ዜማውን ተዉትና ከሥር የመላከ ገብሬን ቤዝ ብቻ ተከተሉ። አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል። አይቸኩልም፤ እዩኝ አይልም። ከላይ ያሉት እንደ ልባቸው የሚሄዱት እሱ ቦታውን ስለማይለቅ ነው።

ሁለቱን አነጻጽሩ። ጀመርሰን ብዙ ይናገራል፤ እንደ ዘማሪ ይወጣል ይወርዳል። መላከ ጥቂት ይናገራል፤ ያንኑ ይደጋግማል። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ዜማውን አይጋፉም። የእኛ ልጆች ቤዝ ሲይዙ ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው። ዘማሪዋ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር ክፍተቱን በፍጥነት ይሞሉታል። ጉባኤው ዝም ብሎ ሊጸልይ የሚገባው ቅጽበት በጣት ጨዋታ ያልፋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ቤዝን ስለማንሰማው ይመስለኛል። ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። የስልካችን ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያንን ማውጣት አይችልም፤ የሚደርሰን የድምፁ ጥላ ብቻ ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናችን ደግሞ የቤዙን ሥራ የኪቦርድ ግራ እጅ ወስዶታል። ስለዚህ ወንድማችን ዓመት ሙሉ የሚያጠራቅመው በደንብ ሰምቶት ለማያውቀው ድምፅ ነው። ዝቅ ያለ ድምፅ ለአገራችን ምስጋና እንግዳ እንዳልሆነ ግን ባለ አሥር ክሩ በገና ምስክር ነው።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ቢያነብቡ ፈገግ ይላሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ምእመናን በየቤቱ ተሸሽገው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ቤዝም ኪቦርድም አልነበረም። ሲዘጋ አምስት ሺህ ገደማ የነበሩት ሲከፈት ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ይህ መሣሪያን እንድንጥል አያስተምርም፤ መሣሪያ የት ላይ እንደሚያበቃ ግን ያሳያል።

ታዲያ አሮጌ ቤዝ እንዴት ይወደድ? በከተማችን አሮጌ ነገር የሚከበርበት ሁለት መንገድ አለ። አንዱን ጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት በሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም እናያለን። አቶ አብደላ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ አልባሳትና የድሮ ሙዚቃ ቅጂዎች እዚያ ተጠብቀዋል። እሳቸው ባይደክሙ ብዙ ነገር ይጠፋ ነበር፤ ክብር ይገባቸዋል። ሁለተኛው መንገድ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወስደው በመኪና ግርግር ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ከሰፊው በዕድሜ የሚበልጥ መኪና አይጠፋም። ስንት ዓመቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን አላየሁም። ዘይት ይቀባል፤ መርፌው ሲሰበር፣ ቀበቶው ሲላላ ይቀየራል፤ ከዚያ ይሰፋል። ክብሩ መስፋቱ ነው።

ሙዚየም ዕቃን ከሥራ አሳርፎ መጠበቁ ተገቢ ነው። የአምልኮ ቡድን ግን ሙዚየም አይደለም። የእኛ ቤዝ፣ የ1962ም ይሁን የትናንት፣ ቦታው መኪና ግርግር ነው።

ሙሴ በምድረ በዳ ያቆመውን የናስ እባብ አስታውሱ። በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራ፣ ወደ እሱ ያዩ የዳኑበት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ሕዝቡ ያጥኑለት ጀመር፤ ንጉሡ ሕዝቅያስም ሰባበረው። አንድ ዕቃ በእውነት ማገልገሉ በኋላ ጣዖት ከመሆን አላዳነውም። ጊታራችሁን ስበሩ አልልም። ነገር ግን ፎቶውን ለማየት የምትወስዱትን ሰዓትና ለመለማመድ የምትወስዱትን ሰዓት አንድ ሳምንት ጻፉና አነጻጽሩ።

ለወንድማችንም ይህንኑ ነገርኩት። ለጥቂት ቀናት ዝም አለኝ፤ የተቀየመኝም መስሎኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ስገባ ግን ከግድግዳው የወረደው ቤዝ አራት ክር ነበረው። ከመጀመሪያው መዝሙር ጀምሮ ወፍራሙን ክር በቀስታ ሲመታ፣ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከጉባኤው ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ዝማሬው ግን ከወትሮው ይልቅ የተረጋጋ ነበር። ፌንደሩን አሁንም ይፈልጋል። ቢያገኘው እኔም ደስ ይለኛል።