ስለ «የሰማይ መውደቅ» መጽሐፍ

በብራዚልና በቬኔዙዌላ ወሰን፥ ዝናም ወደማያጣው ወደ አማዞን ደን ገብተው ስለ ያኖማሚ ሕዝብ የጻፉ እንግዶች ብዙ ናቸው። አሜሪካዊው ናፖሊዮን ሻግኖን በ1968 በአውሮፓ አቆጣጠር «ቁጡ ሕዝብ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ስሙም በዓለም ተሰማ። በ2010 በፓሪስ የታተመው «የሰማይ መውደቅ» ግን የባለአገሩ ቃል ነው፤ ዳቪ ኮፔናዋ በገዛ ቋንቋው ተናገረ፥ ፈረንሳዊው ብሩስ አልቤርም በፈረንሳይኛ ጻፈ።

ኮፔናዋ፥ ነጮች ቃላቸውን በወረቀት የሚያኖሩት ልባቸው ዘንጊ ስለ ሆነ ነው ይላል። ቅኔን በቃሉ ያጠና አንባቢ ይህን እንደ ድፍረት አይቆጥረውም። በ1980ዎቹ ወርቅ ፈላጊዎች ደኑን በወረሩ ጊዜ ወባና ሌላ ደዌ ሕዝቡን ፈጀ፤ እርሱም በሽታው ከተቆፈረው ወርቅ ጢስ ይወጣል ይላል። ሰሙ ለሐኪም እንግዳ ነው፤ ወርቁ ግን አልሳተም።

ከሁሉ የሚከብደው ስለ እናቱ የተናገረው ነው። በ1967 ወደ ሚሲዮን ሰፈር በገባ ኩፍኝ ሞተች፤ ሚሲዮናውያኑም ቀበሯት። የያኖማሚ ወግ ግን ሬሳን አቃጥሎ፥ አመዱን ጠብቆ፥ ዘመድ ሰብስቦ ማልቀስ ነው። ልጁ ይህን ሊያደርግ አልቻለም፤ መቃብሯንም አላወቀም። ካህን የሆነ አንባቢ ይህን ክፍል ሊዘለው ይወድ ይሆናል፤ አይዝለለው። የእናቱን ተዝካር ያላወጣ ልጅ ምን እንደሚሰማው ከካህን የበለጠ ማን ያውቃል?

ነቀፋም አለበት። የብዙ ዓመት ንግግር በአንድነት ስለ ተሰፋ፥ የኮፔናዋ ቃል የት አልቆ የአልቤር እጅ የት እንደ ጀመረ አይለይም። አልቤር አሰፋፉን የገለጠው በመጽሐፉ መጨረሻ ነው፤ ያን አስቀድሞ ማንበብ ይሻላል።