የተቋም ስምና የትምህርት ይዘት
ስለ ንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ የቀረበ ትችት

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ የንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ከሚከታተሉት መካከል የባንክ ሠራተኞች ብቻ ሳይሆኑ መምህራንም ይገኛሉ። በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የግል ተቋም እንጂ፣ ስሙ እንደሚያስመስለው የሃይማኖት ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሆኖም ስሙ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም፣ የንግድ አመራርን ትምህርት የሃይማኖት ተቋም ቢሰጠው የተሻለ ታማኝ ሥራ አስኪያጅ ይወጣዋልን? የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ታማኝነትን የሚያስተምረው የተቋሙ ስም ወይም ባለቤት ሳይሆን የትምህርቱ ይዘትና የፈተናው ዓይነት ነው የሚል ነው።

በጉዳዩ ላይ ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። የመጀመሪያው፣ ንግድ የስሌት ሙያ ስለሆነ ሥነ ምግባር አይመለከተውም ይላል። ይህ ዲግሪ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1908 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1959 በፎርድና በካርኔጊ ድርጅቶች ድጋፍ የወጡ ሁለት ጥናቶች የአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶችን ጥልቀት ይጎድላቸዋል ብለው ነቀፉ፤ ትምህርቱም በሒሳብ፣ በስታቲስቲክስና በባሕርይ ሳይንስ ላይ እንዲመሠረት አሳሰቡ። ማሳሰቢያው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ማስላት የሚችል ሁሉ ማመዛዘን ይችላል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው አስተያየት፣ ተቋሙ መንፈሳዊ ከሆነ ሥነ ምግባሩ በራሱ ይመጣል ይላል። በኡጋንዳ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው የኡጋንዳ ሰማዕታት ዩኒቨርሲቲ ግን ይህን ለአጋጣሚ አልተወም። በ1993 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ካቋቋማቸው ክፍሎች አንዱ የሥነ ምግባርና የልማት ጥናት፣ ሌላው የንግድ አስተዳደር ነበሩ። ይህ አርቆ ማሰብ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን መቆማቸው ብቻውን አይበቃም፤ የአንዱ ጥያቄ በሌላው ትምህርት ውስጥ መነሣት አለበት።

ለዚህ የሚሆን መነሻ በአገራችን አይጠፋም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ሃይማኖት ሥርዓት ብቻ ሳይሆን ስለ ብድር፣ ስለ አደራ፣ ስለ ሽያጭና ስለ ሽርክና ይደነግጋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። የወለድን ሒሳብ አውቆ ወለድ የማይቀበለውን ደንበኛ አስተሳሰብ የማያውቅ ተመራቂ በሙያውም ጎዶሎ ነው። እርግጥ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። ስለሆነም እነዚህ ነገሮች በሕግ፣ በታሪክና በንግድ አሠራርነታቸው ይጠኑ እንጂ ስብከት አይሁኑ።

በሥርዓተ ትምህርት ረገድ ዋናው ጉድለት ሥነ ምግባርን ለብቻው በአንድ ኮርስ ወስኖ ማስቀረት ነው። ተማሪው ትርጓሜዎችን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ ወደ ሒሳብ አያያዝ ክፍል ሲገባ ግን ጥያቄው አይከተለውም። በምሳሌ እንመልከተው። በአንድ ድርጅት መጋዘን የነበረ እህል በእርጥበት ተበላሸ እንበል። ሥራ አስኪያጁ የባንክ ብድር ለማግኘት ሲል እህሉ በሙሉ ዋጋው እንዲመዘገብ አዘዘ። ተማሪው በመጀመሪያ ትክክለኛውን ዋጋ ያስላ፤ ቀጥሎም በሐሰተኛው መዝገብ ላይ ቢፈርም ማን እንደሚጎዳ፣ ባይፈርም ምን እንደሚደርስበት፣ እርሱ ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሆነ ይጻፍ። ለሁለቱም ክፍል ነጥብ ይሰጥ። ነጥብ የማይሰጥበትን ነገር ተማሪ እንደማያጠና ከመምህራን የሚሰወር አይደለም።

ጉዳዩ ለባንክና ለንግድ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። ይህን ዲግሪ ከያዙት መምህራን ጥቂቶች ርእሰ መምህር ወይም የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይሆናሉ። የመማሪያ መጽሐፍ ግዥና የትምህርት ቤቱ ገንዘብ በፊርማቸው ይወጣል። በዚያን ጊዜ የሚፈተኑት በተማሩበት ተቋም ስም ሳይሆን በክፍል ውስጥ ባካበቱት ልምድ ነው። ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አንድ የዲግሪ ፕሮግራም ለግምገማ ሲቀርብላቸው፣ ዓላማው ላይ የሠፈረውን ያማረ ቃል አንብበው ከማጽደቃቸው በፊት የሒሳብ አያያዙን የፈተና ወረቀት እንዲመለከቱ እናሳስባለን።