የምሥራቅ እስያ የፍልሚያ ጥበባት ቃላት በአማርኛ፤ ስለ አሰያየማቸው የቀረበ ሂስ

የምሥራቅ እስያ የፍልሚያ ጥበባት ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በጋዜጣ የስፖርት ዓምድና በፊልም ትርጉም ውስጥ የዘወትር ቃል ከሆነ ቆይቷል። ጁዶ፣ ካራቴ፣ ኩንግፉ፣ ውሹና ቴኳንዶ ለአማርኛ ተናጋሪው ወጣት እንግዳ አይደሉም። ይሁን እንጂ ስሞቹ የገቡትን ያህል ፍቻቸው አልገባም። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው አንድን ደራሲ ወይም አንድን መጽሐፍ ሳይሆን፣ በተርጓሚዎችና በአሠልጣኞች ዘንድ የተለመደውን አሠራር ነው፤ ይኸውም ከጃፓንኛ፣ ከቻይንኛና ከኮሪያኛ የመነጨውን ቃል በእንግሊዝኛ መነጽር ብቻ እያዩ መተርጎምን ነው።

ከጠቅላላው ስያሜ እንጀምር። «ማርሻል አርት» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ሥሩ ማርስ ከተባለው የሮማውያን የጦርነት አምላክ ነው። ይህን ተከትሎ «ወታደራዊ ጥበብ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወደ ጦር ሠራዊት ስልት ይወስደዋል። በምንጮቹ ቋንቋዎች ቻይናውያን «ዉ»፣ ጃፓናውያን «ቡ»፣ ኮሪያውያን «ሙ» ብለው የሚያነቡት አንድ የጋራ የጽሕፈት ምልክት አለ። ይህ ምልክት «አቁም» እና «ጦር» ከሚሉ ሁለት ምልክቶች የተሠራ ስለ ሆነ «ጦርን ማስቆም» ማለት ነው የሚል ጥንታዊ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ነገር ግን «አቁም» የተባለው ክፍል በጥንቱ አጻጻፍ የእግር ሥዕል ስለ ነበር፣ የዛሬ ሊቃውንት የምልክቱን መነሻ «ጦር ይዞ መራመድ» ነው ይላሉ። ያማረ ሥርወ ቃል ሁሉ እውነተኛ ሥርወ ቃል እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በአማርኛ ግን ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ የሚያደርገው «ፍልሚያ» ስለሚባል፣ «የፍልሚያ ጥበብ» የሚለውን ስያሜ እንመርጣለን።

ሁለተኛው ምሳሌ ካራቴ ነው። ስሙ በኦኪናዋ ቀድሞ የሚጻፈው «የቻይና እጅ» የሚል ትርጉም በሚሰጡ ምልክቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ሃናሺሮ ቾሞ «ካራ» ተብሎ የሚነበበውን የመጀመሪያ ምልክት፣ ድምፁ ሳይለወጥ፣ «ባዶ» በሚል ምልክት ተክቶ ጻፈው። ፉናኮሺ ጊቺንም በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ የቀድሞውን፣ በ1935 ባሳተመው ደግሞ አዲሱን አጻጻፍ ተጠቅሟል። በ1936 በናሃ ከተማ የተሰበሰቡት መምህራን አዲሱን አጻጻፍ ደገፉ። እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በግዕዝ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ዛሬ በድምፅ አንድ ቢሆኑም፣ አንዱ ፀሐይን ሲያወጣ ሌላው የሰው ገንዘብ ይወስዳል። ፊደሉን ያላየ ትርጉሙን ይስታል።

ታዲያ «ባዶ እጅ» የሚለው ጥሬ ትርጉም በአማርኛ ይበቃልን? አይበቃም። በእኛ አነጋገር «ባዶ እጁን መጣ» የሚባለው ስጦታ ወይም ስንቅ ሳይዝ ለመጣ ሰው ነው፤ ቃሉ እጦትንና እፍረትን ያዘለ ነው። ስለዚህ መዝገበ ቃላት «ካራቴ» የሚለውን ስም እንዳለ ወስዶ «መሣሪያ ባልያዘ እጅና እግር የሚደረግ ፍልሚያ» ብሎ ቢፈታው፣ ስለ ስሙ አጻጻፍ ታሪክም አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምር ይሻላል።

የጁዶም ስም እንደዚሁ ተጎድቷል። ካኖ ጂጎሮ እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ኮዶካንን ሲመሠርት፣ ከነባሩ «ጁጁትሱ» ውስጥ «ጁትሱ» የሚለውን ትቶ «ዶ» የሚለውን መረጠ። «ጁትሱ» ስልት ወይም ብልሃት ሲሆን «ዶ» መንገድ ነው፤ ሆኖም እግር የሚረግጠው መንገድ ብቻ ሳይሆን ሰው በሕይወቱ ሁሉ የሚከተለው ፈለግ ነው። ለዚህ «ፍኖት» የሚለው ቃል ይስማማዋል። «ጁ» የሚለውን ግን ከእንግሊዝኛው ተነሥተው «የዋህ» ወይም «ጨዋ» ብለው የሚፈቱ አሉ። ጁዶ የሚያስተምረው የዋህነትን ሳይሆን፣ የገፋህን ሰው ጉልበት ሳትቃወም እንደ ሸንበቆ ጎንበስ ብለህ አሳልፈህ በራሱ ኃይል መጣልን ነው። ስለዚህ ፍቺው ወደ «ልምጥ ማለት» እንጂ ወደ ጠባይ በጎነት ማዘንበል የለበትም።

ስለ ኩንግፉም አንድ ነገር እንበል። ቃሉ በቻይንኛ በረጅም ጊዜ ልፋት የተገኘ ችሎታ ማለት ነው፤ የተካነ ወጥ ሠሪም ሆነ የብሩሽ ጽሕፈት ዐዋቂ ኩንግፉ አለው ሊባል ይችላል። ለፍልሚያው ጥበብ በቻይና የተለመደው ስም «ውሹ» ነው። «ኩንግፉ»ን የፍልሚያ ስም አድርጎ በዓለም ያናኘው በተለይ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ የታየው የሆንግ ኮንግ ፊልም ነው። «ሙያ በልብ ነው» ለሚል ሕዝብ የቃሉን ጥንተ ፍቺ ማስረዳት የሚያስቸግር አይመስለንም።

የአጻጻፍ ጉዳይም አለ። ቴኳንዶ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ ስም ሲሆን «ቴ» በእግር መምታትን፣ መካከለኛው ክፍል ጡጫን፣ «ዶ» መንገድን ያመለክታል። የመካከለኛው ክፍል አናባቢ በኮሪያኛ ከግዕዙ ድምፅ እንጂ ከራብዑ አይቀራረብም። የላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት ምልክት የሚታገልለትን ይህን ድምፅ የእኛ «ኰ» ብቻዋን ትወጣዋለች፤ «ቴኰንዶ» ብንል ከምንጩ በቀረብን ነበር። ይሁንና «ቴኳንዶ» በሕዝብ አፍ ስለ ጸና እንዲለወጥ አንጠይቅም። የምንለው ነገር ቢኖር፣ ወደ ፊት የሚገቡ ቃላት ከላቲን ፊደል ሳይሆን ከድምፃቸው ይጻፉ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን በሥልጠና ጊዜ የሚነገረው ቃል ነው። በካራቴ «ኡኬ» የተባለው ስልት በእንግሊዝኛው በኩል ሲመጣ «ማገድ» ሆኗል። ማገድ ለመንገድና ለሥራ ነው። «ኡኬ» ግን «ተቀበለ» ከሚል ግስ የወጣ ነው፤ በጁዶም የሚጣለው ሰው «ኡኬ» የሚባለው የጣዩን ስልት ስለሚቀበል ነው። አማርኛ ደግሞ ጦርን በጋሻ ተቀብሎ መመለስን «መከተ» ሲል ኖሯል። በጋሻና በጦር ዘመን የተፈተነ ቃል እያለን ከመንገድ መዝጊያ ቃል መበደራችን ያሳዝናል። «ጠልፎ ጣለው»፣ «ጡጫ ሰነዘረ»፣ «በእርግጫ አለው» የሚሉትም እንዲሁ ሕያዋን ናቸው፤ ተርጓሚው ካላነሣቸው ግን ከአባቶች ጋር ያልፋሉ።

በተጨማሪም አማርኛ የአደራረግን ሁኔታ የሚገልጽ ስም ከግስ የሚያወጣበት መደበኛ ርባታ አለው፤ «አኳኋን» የሚለው ቃል ራሱ ከዚሁ ርባታ ነው። ከቆመ «አቋቋም»፣ ከመታ «አመታት»፣ ከመከተ «አመካከት»፣ ከጣለ «አጣጣል»፣ ከያዘ «አያያዝ»፣ ከወደቀ «አወዳደቅ» ይወጣል። የጁዶ ሁለቱ ዐበይት ክፍሎች፣ ናጌ ዋዛና ካታሜ ዋዛ፣ «የአጣጣል ስልቶች» እና «የአያያዝ ስልቶች» ቢባሉ ምንም የሚጎድል የለም። «አቋቋም» በቤተ ክህነት ትምህርት የራሱ የከበረ ትርጉም ስላለው ይደባለቃል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ዐውዱ ይለየዋል። «ኡኬሚ» ለጀማሪው ልጅ ድምፅ ብቻ ነው። ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የሚተረጉምም «የሚሰብር ውድቀት» ከማለት አያመልጥም፤ ትምህርቱ ግን ላለመሰበር ነው። «አወዳደቅ» ሲባል ልጁ ወዲያው ይገባዋል። እዚህ ላይ የቃል ስሕተት ዋጋው ክንድ ወይም አንገት ነው።

እንዲህ ስንል ሁሉም ይተርጎም ማለታችን አይደለም። «ሃጂሜ»፣ «ማቴ»፣ «ዋዛ አሪ»፣ «ኢፖን» በዓለም አቀፍ የጁዶ ውድድር ዳኛው የሚናገራቸው ቃላት ናቸው፤ በአማርኛ ብቻ የለመዳቸው ተወዳዳሪ በመድረክ ላይ ይደናገራል። «ካታ»ንም «ቅርጽ» ማለት አያጠግብም፤ ከመምህር ወደ ተማሪ በቅደም ተከተሉ የሚተላለፍ የእንቅስቃሴ ድርድር ስለ ሆነ ቃሉን መዋስና መፍታት ይሻላል። ማዕረግን በሚመለከት ደግሞ «ኪዩ»ንና «ዳን»ን ሁለቱንም «ደረጃ» ማለት ጥፋት ነው። ተማሪው ሲያድግ የኪዩ ቁጥር ይቀንሳል፣ የዳን ቁጥር ግን ይጨምራል። «አንደኛ ደረጃ» የተባለው ሰው የጥቁር ቀበቶ ጀማሪ ይሁን ገና ያልደረሰበት፣ ወይም ከሁሉ የላቀ፣ ማን ሊያውቅ ይችላል? ስለዚህ ኪዩን «ደረጃ»፣ ዳንን «ማዕረግ» ብለን እንድንለያቸው እናሳስባለን። «ቀበቶ» የሚለው ስም ጸንቷል፤ መዝገበ ቃላት ግን ነገሩ ዘለበት ያለው ጠፍር ሳይሆን እንደ ድግ ወገብ ላይ ዞሮ የሚቋጠር ጨርቅ መሆኑን ይግለጽ።

እንግዲህ ሐሳባችንን ስናጠቃልል፦ የጥበባቱ ስምና የዳኝነት ቃል ይወሰድ፤ የማስተማሪያው ቃል ከአማርኛ ግሶች ይውጣ፤ ፍቺው ከምንጩ ቋንቋ ይመርመር። ይህን ለመፈጸም የቋንቋ ባለሙያው ብቻውን አይበቃም፤ በምንጣፉ ላይ የቆመው አሠልጣኝ አብሮት ሊቀመጥ ይገባል። ከላይ ያቀረብናቸውን ቃላት አንባቢዎቻችን በሥራ ላይ ፈትነው፣ የማይስማማውን ነቅፈው የተሻለውን ቢያመለክቱን፣ ለማረም ዝግጁዎች ነን።