ኅብረትን መሸምደድ፤ ስለ ሕፃናት የቡድን ድራማ አጭር ሂስ

በመካከላችን የቴአትር ሂስ በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ አዋቂዎች ቴአትር ነው። በየትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በወላጆች ቀን፣ በአንድ ነጠላና በአንድ ዱላ የሚሠራው የሕፃናት ድራማ «የልጆች ነገር» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ስሕተት ይመስለኛል። በተለይ «ልጆችን አብሮ መሥራት ያስተምራል» እየተባለ የሚቀርበውን ድራማ ጠጋ ብለን ብንመረምር፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስተምረው የዚያን ተቃራኒ ሆኖ እናገኘዋለን።

የመጀመሪያው ማስረጃዬ ራሴ ነኝ። ያደግሁት አቀስታ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአካባቢያችን ካሉት ት/ቤቶች በአንዱ፣ ለወላጆች ቀን ስለ ኅብረት ድራማ ሠራን። ታሪኩ የታወቀ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን ሰብስበው አንዲት ጭራሮ ያሰብሯቸዋል፤ ትሰበራለች። ቀጥለው እስሩን ይሰጧቸዋል፤ እስሩ እምቢ ይላል። ሽማግሌው እኔ ነበርሁ፤ ጋቢ ለብሼ፣ የጥጥ ጢም ተለጥፎልኝ። ቃላችን በቁራጭ ወረቀት ለየራሳችን ስለ ተሰጠን አንዱ የሌላውን አያውቅም። ታዲያ እስሩን እንደ ያዝሁ የመጨረሻው ምክር ከአፌ ጠፋ። ሰባት «ልጆቼ» ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ሊረዱኝ ቢፈልጉስ በምን ይርዱኝ? ከተመልካቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። በመጨረሻ መምህራችን ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው «ኅብረት ኃይል ነው!» ብለው ጨረሱልኝ። ጭብጨባ ሆነ። እኔ ግን ያን ቀን የተማርሁት ብቻዬን መሆኔን ነበር።

ጥፋቱን በመምህሩ ላይ አልጭንም። ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። ኅብረት በይዘቱ ውስጥ አለ፤ በአሠራሩ ውስጥ ግን የለም። አንድ ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ ይሆናል፤ የቀረው እንደ ዛፍና እንደ ድንጋይ ይቆማል። ቃሉ ከላይ ይመጣል፤ ልጁ ይሸመድዳል። መጨረሻውም ምክር ነው፤ ምክሩም የሚነገረው ለሠሩት ልጆች ሳይሆን ለተቀመጠው ወላጅ ነው።

ይህ ልማድ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ ሲቀርብ ከእንስሳት ተረት ተነሥቶ የዘመኑን አስተዳደር የነካ ሥራ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታገደውም ስለዚሁ ነው። አውሬው በዚያ መድረክ የአዋቂ መልእክት አቀባይ ነበር፤ ይህም ለሳታየር ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ፣ ከ1928ቱ የጣልያን ወረራ በፊት፣ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ቴአትራቸውን በተማሪዎች ሲያሠሩ፣ ትምህርት ቤት የቴአትራችን መንከባከቢያ ሆነ። ለዚህ ውለታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ተማሪው መልእክት አቀባይ የመሆኑ ነገር ከዚያ ወዲህ ሳይመረመር ቀረ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን የተሰለፈውም ልጅ ስለ ኅብረት እንዲዘምር ተደረገ እንጂ ስለ ምንና ከማን ጋር እንደሚያብር አልተጠየቀም።

በእኔ ዕድሜ ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ጎበዙ ተማሪ መሪ ይሆናል፤ ሥራውን ይሠራል፤ የቀሩት ስማቸውን ይጽፋሉ። እኔም መሪ ሆኜ የአምስት ሰው የቤት ሥራ ለብቻዬ ሠርቻለሁ። ይህ ከጭራሮው ድራማ በምን ተለየ? ያው አንድ ሽማግሌና ሰባት ዝምተኞች ነው።

እንግዲህ የቡድን ድራማ ከወዴት ይምጣ? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ልጆቻችን ማንም ሳያስተምራቸው እቃ እቃ ይጫወታሉ። እናት አለች፣ አባት አለ፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። የተጻፈ ቃል የለም፤ ሁሉም ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። አንዷ «አልጫወትም» ብላ ካኮረፈች ቤቱ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ይለማመጧታል፣ ይደራደራሉ፣ «እሺ ነገ አንቺ እናት ትሆኛለሽ» ይላሉ። ሆያ ሆዬም እንዲሁ ነው፤ ተቀባይ የሌለው አውጪ ከደጅ አይዘልቅም፤ የተገኘው ሙልሙልም ለሁሉም ይደርሳል። ወንፈሉንና ቅሬውን የሚያውቅ የወሎ ልጅ ይህ ሕግ እንግዳ አይሆንበትም።

ከውጭውም ዓለም የሚጠቀስ አለ። ብሬሽት በ1930 እ.ኤ.አ. ከሙዚቀኛው ከቫይል ጋር «እሺ ባዩ» የሚል የትምህርት ቤት ኦፔራ አቀረበ። አንድ ልጅ በተራራ ጉዞ ላይ ይታመማል፤ ልማዱ እንዲጣል ያዛል፤ ልጁም እሺ ይላል። በርሊን ውስጥ የአንድ ት/ቤት ተማሪዎች ሲወያዩበት አልተዋጠላቸውም። ብሬሽት ሰማቸው፤ ሥራውን አሻሻለ፤ «እምቢ ባዩ» የሚል ጓደኛም ጨመረለት። ታላቁ ጸሐፊ በተማሪዎች ታረመ ማለት ነው። ለእኛም ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ እሺ ማለት ብቻ ኅብረት አይደለም፤ እምቢ የማለት መብት የሌለው ቡድን መንጋ ነው።

ይህን ይዤ ባለፈው ክረምት አቀስታ ስመለስ በእኛ ደጅ አሥራ አንድ የጎረቤት ልጆች ሰብስቤ ሞከርሁት። የመረጥነው የሦስቱን በሬዎች ተረት ነው። ጅብ መጥቶ ጥቁሩንና ቀዩን በሬ «ነጩ በጨለማ ይታያል፤ ያስበላችኋል» ብሎ ያሳምናቸዋል። ሕጋችን ሁለት ብቻ ነበር፤ ሁሉም ሙሉውን ታሪክ ይወቅ፤ የዛሬ ጅብ ነገ ነጭ በሬ ይሁን። ነጩ ሊሰጥ ሲል ቆም እንላለን፤ ልጆቹ ይወስናሉ።

በመጀመሪያው ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሳልፈው ሰጡት። አዘንሁ። በሁለተኛው ቀን ነጭ የሆነው የትናንቱ ጅብ ነበር፤ «እኔ አልበላም! ትናንት ምን እንዳልኋችሁ አውቃለሁ፤ ውሸቴን ነው!» ብሎ ጮኸ። ቀዩና ጥቁሩ ተያዩ፤ ጅቡም ሥራ ፈታ። በሦስተኛው ቀን በጨዋታው መሐል የጥቁሩ በሬ እናት «በጎቹን አስገባ!» ብለው ተጣሩ፤ ልጁ ፈትለክ አለ። እኔ ጨዋታው አበቃ ብዬ ልነሣ ስል፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ የቆመች ልጅ በቦታው ገብታ በራሷ አነጋገር ቀጠለችበት። ማንም አላዘዛትም። ጭራሮ እንደ ያዝሁ በቆምሁበት ቀን እኔ ያጣሁት ይህችን ልጅ ነበር።

«ክፍሉ ስድሳ ተማሪ ነው፤ እንዴት ይቻላል?» የሚሉ ይኖራሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ አሥራ አንድ ልጅ ስድሳ አይደለም። ቢሆንም ስድሳውን በቡድን ከፍሎ በየተራ ማጫወት ይቻላል፤ የሚያየው ቡድን ተረኛ ነውና ቁጭ ብሎ አያንቀላፋም። መጋረጃ አያስፈልግም፤ የጥጥ ጢምም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መምህሩ ጥቂት ዝም ማለት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ግን ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ መምህራን ነን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እያልን ለልጆቹ ከማስሸምደዳችን በፊት ድሩን ራሳቸው እንዲያደሩት እንተውላቸው። የተሳሳትሁ የሚመስለው ካለ ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ።