ያልነጣው ስፖንጅ

አኳሪየም የሚያይ ሰው ዓሣውን፣ ጠጠሩንና መብራቱን ያደንቃል። እኔ ግን የባለሙያው እጅ የሚለየው ዓሣ ከመግባቱ በፊት በሚሠራው፣ ዓይን በማያየው ሥራ ነው እላለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዓሣ አርቢ አዲስ አኳሪየም ሲያዘጋጅ ቆሜ አይቻለሁ። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቅለት በባልዲ አሳድሮታል፤ ጀርም እንዲገድል የተጨመረ ክሎሪን የሚፈለገውንም ባክቴሪያ አይምርምና። ከዚያ ሲሠራ ከከረመ ሌላ አኳሪየሙ ፊልትሮ ስፖንጁን አወጣ። ቡናማ ነው፤ ሲነኩት ያዳልጣል፤ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ሌላው ሰው ቢሆን ቧንቧ ሥር እስኪነጣ ባሸው ነበር። እሱ ከዚያው አኳሪየም በቀዳው ውሃ ሁለቴ ብቻ ጨመቅ አድርጎ እጁን ሰበሰበ። ግማሹን ቆርጦ ወደ አዲሱ ሲያስገባ፣ ከከረመው ሊጥ የተረፈ እርሾ ወደ አዲሱ ቡሆ እንደሚገባ ነው።

ስፖንጁ ላይ የተጣበቀው ባክቴሪያ ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ እጅግ ወደሚቀንሰው ናይትሬት ይለውጣል። ማይክሮባዮሎጂስቱ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎችን እ.ኤ.አ. በ1890 ዙሪክ ላይ ለይቶ አሳድጓቸዋል። ሰውነታቸውን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚገነቡ የሚባዙት በዝግታ ነው፤ ከባዶ የተጀመረ አኳሪየም ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። የከረመው ስፖንጅ ይህን ጊዜ ያሳጥራል።

ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅንም ይሻሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃዋ በእኩል ሙቀት የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሰውየው የአየር ፓምፑን ቱቦ ደጋግሞ ያስተካከለው ለዚህ ነው፤ አረፋው ደቅቆ በስፖንጁ ዙሪያ እኩል እስኪወጣ አልተወውም።

ዓሣ ሳይኖር ባክቴሪያው እንዳይራብ በየዕለቱ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ ይበትናል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። በትንሿ ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ የመመርመሪያውን ጠብታ ይጨምርና ነጭ ወረቀት ላይ ደግፎ በቀን ብርሃን ያየዋል። አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያ አለ ማለት ነው፤ ብጫ ከሆነ የለም። ናይትራይቱንም እንዲሁ በሌላ ጠብታ ይፈትሻል። ሁለቱም ጠፍተው በማግስቱም ካልተመለሱ በኋላ ያስገባው ጥቂት ዓሣ ብቻ ነው። ባክቴሪያው የሚበዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ስለሆነ፣ የቀሩት ዓሦች ተራቸውን ይጠብቃሉ።