ትከሻው ይቅደም

ኮነስ ጂዮግራፈስንና ኮነስ ቱሊፓን ጎን ለጎን ሣል የተባለ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀለሙ ነው። አይፈረድበትም፤ የእነዚህ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ዛጎል ዓይን ይስባል። እኔ ግን ለሳይንስ መጻሕፍት ስሥል ቡናማውን የምበጠብጠው መጨረሻ ላይ ነው። የአንዱ ዝርያ ቀለም ከዛጎል ዛጎል ይለያያል። በዚያ ላይ እንስሳው በሕይወት ሳለ ዛጎሉ ስስ ቆዳ መሳይ ሽፋን ስለሚለብስ፣ የምናደንቀው ጌጥ ባሕር ውስጥ ደብዛዛ ነው።

የምነሣው ከትከሻው ነው፤ ጠመዝማዛው ጫፍ አብቅቶ ጎኑ ቁልቁል መውረድ ከሚጀምርበት። የጂዮግራፈስ ትከሻ ዙሪያውን በጉብታዎች ዘውድ የደፋ ነው። የቱሊፓ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፤ ጉብታዎቹ ደካማ ስለሆኑ መብራቱን ከጎን ካላመጣሁ በደንብ አይታዩኝም።

ቀጥሎ አፉ። ሁለቱም ዓሣ አዳኞች ናቸው። የአፋቸውን ሥጋ እንደ መረብ ዘርግተው ዓሣውን ከነነፍሱ ከከተቱት በኋላ ይወጉታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሁለቱም መርዝ የዓሣን ኢንሱሊን የሚመስል ኢንሱሊን አለው፤ የዓሣው የደም ስኳር ወርዶ ይፈዛል። ሙሉ ዓሣ የሚያስገባ አፍ ነውና የዛጎሉም ቀዳዳ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። ይህን ያጠበበ ሠዓሊ ቀንድ አውጣውን በረሃብ ገደለው! (የምሥለው ባዶውን ዛጎል ነው። ጂዮግራፈስ ሰው ገድሏል፤ ለመርዙም ማርከሻ የለውም።)

አቅጣጫም ያሳስታል። ሬምብራንት የእነዚህን ዘመድ ኮነስ ማርሞሪየስን በ1650 እ.ኤ.አ. መዳብ ላይ ሲቀርጽ እንዳየው ስለቀረጸው፣ ኅትመቱ ላይ ጥምዝምዙ በተቃራኒው ዞሮ ይታያል። ፊርማውን ግን ገልብጦ ስለጻፈ ቀና ሆኖ ይነበባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቀለም የሚመጣው። ለቱሊፓ ቡናማና ነጭ ነጠብጣብ የተሰካባቸው ቀጫጭን መስመሮች፣ አፉ ውስጥ ደግሞ ወይን ጠጅ የነካው ጥላ፤ ለጂዮግራፈስ ስስ መረብና የቡናማ ደመና።

የቀረው መጠን ነው። ጂዮግራፈስ ከ15 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ቱሊፓ አብዛኛውን ጊዜ 10 አይሞላም። የመጽሐፍ አዘጋጆች ግን ገጹ እንዲያምር ሁለቱን እኩል ማድረግ ይወዳሉ። ስለዚህ አሁን በአንድ ወረቀት ላይ፣ የአንዱ ጥላ ሌላውን እንዲነካ አድርጌ እሥላቸዋለሁ። አንዱን ለብቻው ማሳደግ የፈለገ ጥላውን መቁረጥ ግድ ይሆንበታል።