አውሬው ሲናገር

ዳሪን ሞርጋን ደርሶ ያዘጋጀው፣ «ኤክስ ፋይልስ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ትርኢት በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቴሌቪዥን የታየው አንድ ክፍል፣ የአስፈሪ ተረትን ልማድ ይገለብጣል። በልማድ ሰው በአውሬ ተነክሶ አውሬ ይሆናል፤ በዚህ ግን እንሽላሊት መሳዩ አውሬ በሰው ተነክሶ፣ ቀን ቀን ሰው ይሆናል።

መርማሪው ሞልደር ይህን ታሪክ በመቃብር ስፍራ ከራሱ ከአውሬው አፍ ይሰማል። አውሬው ሰው በሆነ ጊዜ ዕርቃኑ አሳፈረው፤ ሥራ ፈለገ፤ ዋሸ፤ ስለ ጡረታውም ተጨነቀ። ከጥፍሩ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ጭንቀቱ ነው።

እውነተኛው ገዳይ በመጨረሻ ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱን ሊዘረዝር ሲጀምር ግን መርማሪዎቹ አያደምጡትም። አውሬው ተሰምቶ ሰውየው ሳይሰማ መቅረቱ ጉድለት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ደራሲው የፈረደው በመልክ ሳይሆን በሥራ ነውና፣ ሳቅ የበዛበት ይህ ድርሰት ተመልካቹን «ከሁለቱ አውሬው ማን ነው?» አሰኝቶ ያሰናብታል።